ጣናን በካያክ ብቻዬን ለመዞር እየተዘጋጀሁ ነው፤ ምክራችሁን እሻለሁ

ቀያሹ (ባሕር ዳር)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር፣ ሙያዬም የመሬት ቅየሳ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ኮንትራቱን ጨርሶ ሲሄድ ለባሕር ጉዞ የተሠራች ካያኩን፣ ማለትም አንድ ሰው ተቀምጦ በመቅዘፊያ የሚነዳት ጠባብ ጀልባ፣ ሸጠልኝ። ርዝመቷ 5 ሜትር ከ20፣ ወርዷ 58 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከመቀመጫው ፊትና ኋላ ውኃ የማያስገቡ ሁለት የዕቃ ክፍሎች አሏት። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ካልከለከለኝ በቀር ቅዳሜና እሑድ ከውኃው ላይ አልጠፋም፤ ዘጌ ደርሶ መመለስንም ለምጄዋለሁ።

አሁን ያሰብሁት ከዚህ የራቀ ነው። ኅዳር 20 ቀን ከባሕር ዳር ተነሥቼ፣ ምዕራባዊውን ዳርቻ ይዤ ዘጌን፣ ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ የሚገባበትን ቦታና ኩንዝላን አልፌ፣ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ለመድረስ፣ ከዚያም በምሥራቁ ዳርቻ በመገጭ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች አፍ ዞሬ፣ በጣና ቂርቆስ አድርጌ ለመመለስ አቅጃለሁ። በካርታ ላይ ስለካው፣ የዳርቻውን ጥምዝምዝ ሁሉ ሳልከተል፣ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምቀዝፍ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ሄጄ በ9 ቀን እጨርሳለሁ ብዬ አስልቻለሁ። ዳርቻውን በመከተል ፈንታ ከኩንዝላ ወደ ደቅ ደሴት፣ ከደቅም በቀጥታ ወደ ጎርጎራ የማቋረጥ ሐሳብም አለኝ።

አያቴ የዘጌ ሰው ነበሩ። ቡናቸውንና ማገዷቸውን በደንገል ታንኳ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ያደርሱ እንደነበር፣ ታንኳይቱ ውኃ ጠጥታ ስትከብድባቸውም ፀሐይ ላይ አቁመው ያደርቋት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። እርሳቸው ያለ ሞተር የተመላለሱበትን ውኃ እኔም በክንዴ ዙሪያውን ላየው እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን የምሄደውም ስለዚህ ነው።

የ9 ቀኑ ስሌት ያስኬዳል ወይ? ጉዞው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ምን ዓይነት ስንቅ ልያዝ? ክብደቱንስ በጀልባዋ ውስጥ እንዴት ላከፋፍለው? ለመገናኛ ስልክና ፓወር ባንክ ይበቁኛል ወይ? የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


የዳንግላው (ቫንኩቨር)

ወንድሜ ቀያሹ፣ ሐሳብዎ ደስ አሰኝቶኛል። ዳንግላ ተወልጄ አድጌ ላለፉት ዓመታት በካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ የምኖር ሰው ነኝ፤ በባሕር ላይ ካያክ መቅዘፍን የተማርሁትም እዚህ ነው። ብቻዬን የሄድሁት ረጅሙ ጉዞ 11 ቀን ነበር። ስለ ስንቁና ስለ ጭነቱ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን እርስዎ ያልጠየቁትን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከዳርቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀው፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ሙሉ ጭነት ይዘው ጀልባዋ ብትገለበጥ ማንም ሳይረዳዎ ተመልሰው መግባት ይችላሉ? ሞክረውት ያውቃሉ? መልስዎ «አላውቅም» ከሆነ ሌላው ዝግጅት ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሠራሩን በቃል ላስረዳዎ። ጀልባዋ ስትገለበጥ መጀመሪያ በወገብዎ ታስሮ የመቀመጫውን አፍ የሚሸፍነውን ልባስ ከፊት ባለው ማንጠልጠያ ስበው ያላቅቁታል፤ ከዚያ ይወጣሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ እጅዎ ጀልባዋን ሊለቅ አይገባም። ጀልባዋን መልሰው ካቀኑ በኋላ በመቅዘፊያው አንደኛው ጫፍ ላይ በአየር የተሞላ ከረጢት ያጠልቁና መቅዘፊያውን ከመቀመጫው ኋላ በጀልባዋ ላይ አጋድመው ይይዙታል፤ ከረጢቱ በውኃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ጀልባዋ ወደ እርስዎ እንዳትገለበጥ እንደ ክንድ ሆኖ ይደግፋታል። ከዚያ በእግርዎ ውኃውን እየመቱ በሆድዎ ወደ ኋላዋ ጀርባ ይወጣሉ፤ እግርዎን አንድ በአንድ ወደ መቀመጫው ያስገባሉ፤ ክብደትዎን ወደ መቅዘፊያው አጋድለው ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ ከተቀመጡም በኋላ ውኃውን በእጅ ፓምፕ ያወጣሉ። ከረጢቱ ባሕር ዳር ባይገኝ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ባዶ የ5 ሊትር ጀሪካን በጎማ ገመድ አጥብቆ ማሰር ሥራውን ይሠራል፤ ግን ገመዱ በእርጥብ እጅ በቀላሉ የሚታሰር መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ይህን በተኛ ውኃ ላይ ሠላሳ ጊዜ ብለማመደውም አንድ ቀን ከንቱ ሆኖብኝ ያውቃል። ከኋላ የመጣ ሞገድ ጀልባዋን ወደ ጎን አዞረና ገለበጠኝ። ወጥቼ አንድ እጄ ጀልባዋ ላይ ነበር፤ ባርኔጣዬ ከፊቴ ሲንሳፈፍ አየሁና ሳላስበው በዚያው እጄ ያዝሁት። ቀና ስል በእኔና በጀልባዬ መካከል አራት ሜትር ያህል ውኃ ነበር። ባዶ ካያክ በነፋስ የሚሄደው ሰው ከሚዋኘው ይልቅ ፈጥኖ ነው፤ በዋኘሁ ቁጥር ትርቀኝ ነበር። ያዳነኝ ነፋሱ ወደ ዳርቻ የሚነፍስ መሆኑ ብቻ ነው፤ ወደ ባሕሩ መሐል የሚነፍስ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍልዎትም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መቅዘፊያዬ በአጭር ገመድ ከጀልባዋ ጋር ታስሮ ይሄዳል፤ የሕይወት አድን ጃኬቴም ቁልፉ ሳይዘጋ ዳርቻ አልለቅም።

አውስትራሊያዊው አንድሩ ማኮሊ እ.ኤ.አ. በ2007 የታስማን ባሕርን በካያክ ብቻውን ለማቋረጥ ተነሥቶ፣ ከአንድ ወር ገደማ ቀዘፋ በኋላ ኒውዚላንድ ሊደርስ ሲቃረብ ጠፋ። ካያኩ ተገልብጦ ተገኘ፤ እርሱ ግን አልተገኘም። በችሎታና በዝግጅት ከእኔና ከእርስዎ እጅግ የላቀ ሰው ነበር።

ስለዚህ ከኅዳር በፊት ጀልባዋን ለጉዞው በሚይዙት ክብደት ልክ ጭነው፣ በጀልባ የሚጠብቅዎ ሰው ይዘው፣ ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት ሆን ብለው እየተገለበጡ ይለማመዱ። አሥር ጊዜ ተገልብጠው አሥሩንም ጊዜ እስኪገቡ ድረስ ቀን አይቁረጡ።

ጭነቱን በተመለከተ፣ ውኃና ከባድ እህል ከመቀመጫው አጠገብ ዝቅ ብሎ፣ ቀላሉና ብዙ ቦታ የሚይዘው ወደ ሁለቱ ጫፎች ይግባ። ፊቷ ከከበደ በሞገድ ውስጥ ትቀበራለች፤ ኋላዋ ከከበደ ደግሞ ነፋስ አፍንጫዋን እየገፋ መንገድ ያስታል። ትርፍ መቅዘፊያ ለሁለት የሚከፈል ሆኖ ከላይ፣ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር። ስለ ስንቁ ለእናቶቻችን የምጨምረው የለኝም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና ማር ከማንኛውም የፋብሪካ ምግብ ይሻላሉ። በማር የታሸ በሶ በትናንሽ ከረጢት ከፋፍሎ በየሰዓቱ መጉረስ ክንድ እንዳይደክም ያደርጋል። ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱና ውኃ ሳይጠጡ መቅዘፍ እጅግ አደገኛ ነው፤ በዚህ ነገር ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይመካከሩበት።


ዘጌ ወደብ

ለጠያቂው ወንድማችን፣ እንኳን ደህና መጡ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ሰው በማመላለስ ረጅም ዘመን በሞተር ጀልባ ላይ የኖርሁ ሰው ነኝ። የዳንግላው ወንድሜ ስለ መገልበጥ የጻፈውን አላሻሽለውም፤ ስለ ጣና ጠባይ ግን የምለው አለኝ።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ብቻ ነው። ሞገዱ እንደ ባሕር ሞገድ ረጅምና ዝግ ያለ የማይሆነው ስለዚህ ነው፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታትሎ የሚመጣ ስለሆነ አንዱን ሳይጨርሱ ሁለተኛው ይደርሳል። በበጋ ጠዋት ውኃው እንደ ዘይት ተኝቶ ያዩታል። ፀሐይዋ ስትጠነክር የብሱ ይሞቅና ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳርቻ መንፈስ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 5 ሰዓት በኋላ ይበረታል። ማታ ደግሞ የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ይገለበጥና ከዳርቻ ወደ መሐል ይገፋል። ብዙ ሰው የሚፈራው የቀኑን ሞገድ ነው፤ እኔ ለእንደ እርስዎ ያለ ጀልባ ይበልጥ የምፈራው የማታውን ነፋስ ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ሳይታወቅ ወደ ጨለማው ይወስዳል። ከሩቅ በውኃው ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሞ ወደ እርስዎ ሲመጣ ካዩ ነፋስ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ቅርቡ ዳርቻ ይዙሩ።

በዚህ ምክንያት ከ12 ሰዓት ተነሥተው 5 ሰዓት ላይ ከውኃ መውጣት አለብዎት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዕረፍቱ ተቀንሶ 20 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ጥሩ ሄደዋል። ቀያሽ ስለሆኑ ሒሳቡን ለእርስዎ እተወዋለሁ። ከደቅ ወደ ጎርጎራ ያለውም ውኃ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 12 ሰዓት ተነሥተው ሳያርፉ ቢቀዝፉ የሚደርሱት እኩለ ቀን ላይ ነው። የመጨረሻውን ሰዓት ነፋሱን ከኋላዎ ይዘው፣ ሞገዱ በሚሰበርበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ይወርዳሉ ማለት ነው። እኔ በሞተርም ቢሆን በዚያ ሰዓት ያን አልመርጥም።

ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ቦታ ከሰከላ ጀምሮ ያመጣው ደለል እንደ ምላስ ወደ ውኃው ገብቷል። ከዳርቻው ርቀው ካልዞሩት ጭቃ ላይ ይቆማሉ፤ ሲወርዱ እግር ይሰምጣል፤ ሞገዱም እዚያ ይሰበራል። በዚያና በአባይ መውጫ አጠገብ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን ቀን ደንገሉ ጥግ ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፤ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። ስለዚህ ሣሩ ተዳምጦ ወደ ውኃ የሚወርድ ሰፊ ዱካ ካዩ፣ ቦታው ምንም ቢያምር ድንኳን አይትከሉበት፤ በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከልም አይግቡ። ደንገል ሲቃረቡ የጀልባውን ጎን በመቅዘፊያ መታ መታ ያድርጉ፤ መምጣትዎን ሰምቶ ይሸሻል። ትንፋሹን «ፉፍ» ብሎ ሲያወጣ ከሰሙ ቆም ብለው የት እንዳለ ሳያዩ አይቀጥሉ።

ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ተከታትሎ ተንሳፍፎ ካዩ የዓሣ መረብ ነው፤ መሪዋን አንሥተው በመሐሉ ይለፉ፤ ቢላዋም ከጃኬትዎ ላይ ይሁን። በኩንዝላ አካባቢ ወደ ጣና በለስ ማመንጫ ውኃው የሚሳብበትን መግቢያ፣ በባሕር ዳር በኩልም በአባይ መውጫ ያለውን የጨረጨራ ግድብ ርቀው ይለፉ። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረም አለ። ነፋስ ስለሚያንቀሳቅሰው ማታ ክፍት የነበረ መውረጃ ጠዋት ተዘግቶ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ካያክ በውስጡ አይቀዘፍም፤ በእግርም አይገባበትም። ስለዚህ በዚያ በኩል ለየቀኑ ሁለት መውረጃ እንጂ አንድ አይያዙ።

በደሴቶቹ ለማደር አባቶችን አስፈቅደው ይግቡ። ጥቂት ጧፍና ዕጣን ቢይዙ ያስደስታቸዋል፤ በናርጋ ሥላሴም ሆነ በዳጋ እስጢፋኖስ እንግዳ አያሳፍሩም።

ከሁሉ በላይ ግን፣ አሁን ካለው የአካባቢው ፀጥታ አንጻር፣ በየወረዳው የሚያውቅዎ ሰው ሳይኖር ማንም በማያውቀው ጀልባ ብቻዎን ከዳርቻ ዳርቻ መታየት ያስጠረጥራል። የሚያድሩባቸውን ቀበሌዎች አስቀድመው ያሳውቁ፤ «አይሆንም» ያለ ቦታ ካለ ያንን ክፍል ለሌላ ዓመት ይተዉት።


የጤና መኮንን (ባሕር ዳር)

በሙያዬ በኩል በአጭሩ ልጨምር። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለበት። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣ እየወጣ በውኃው ውስጥ ይዋኝና በቆዳ በኩል ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በሚጠነክርበት በእኩለ ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ በጠዋት መነሣትዎ ለዚህም ይጠቅማል። ሣርና ደንገል ባለበት ጥግ ከጉልበት በላይ ቆመው አይቆዩ፤ ጫማና ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ ከውኃ እንደወጡ ወዲያው በፎጣ አሽተው ይድረቁ። የምትለማመዱት መገልበጥ ከዳርቻ ራቅ ባለ ክፍት ውኃ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ብዙዎች ከጉዞ እንደተመለሱ ፕራዚኳንቴል ይውጣሉ፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ያደገውን ትል ስለሆነ ቶሎ መውሰዱ አይጠቅምም፤ ሁለት ወር ያህል ቆይተው የሰገራ ምርመራ ያድርጉ።

ኅዳር የወባም ወቅት ነው። አጎበር ሳይዙ አይሂዱ፤ ከጉዞው በኋላ ትኩሳት ቢይዝዎ «ድካም ነው» ብለው አይተኙበት። የሐይቁን ውኃ አፍልተው ይጠጡ።


ቀያሹ (ባሕር ዳር)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ምላሻችሁን ካነበብሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ዝም ያልሁት የተባልሁትን ሳልሞክር መልስ መስጠት ስላልፈለግሁ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት፣ ጀልባዋን ባዶ አድርጌ፣ ውኃው በተኛበት ሞከርሁ፤ በሁለተኛው ሙከራ ገባሁ፤ ቀላል መስሎኝም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ዓሣ አስጋሪ ወዳጄ በጀልባው እየጠበቀኝ፣ 30 ኪሎ ግራም አሸዋ በከረጢት ጭኜ፣ 6 ሰዓት ላይ ወጣሁ። አምስት ጊዜ ተገልብጬ የገባሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ያልገመትሁት ነገር ጀሪካኑ ነበር፤ ገመዱን ቋጥሬ ሳልጨርስ ሞገዱ መቅዘፊያውን ከእጄ ይነጥቀኛል። በመጨረሻ ገመዱን ትቼ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ የተቆረጠ ሰፊ ቀለበት አደረግሁ፤ እርሱን በአንድ እጅ በመቅዘፊያው ጫፍ ላይ መሳብ ይቻላል። ባለፈው ቅዳሜ ከስምንት ስድስት ጊዜ ገባሁ። አሥር ከአሥር ገና ነኝ።

ሒሳቡንም እንደገና ሠራሁት። 270 ኪሎ ሜትር በቀን 20 ሲካፈል 14 የቀዘፋ ቀን ይሆናል፤ ነፋስ ከማለዳው የሚነሣባቸው ቀናት አይጠፉምና ሦስት የማረፊያ ቀን ስጨምርበት 17 ቀን መሆኑ ነው። ያን ያህል ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ ዘንድሮ ዙሪያውን ሳይሆን የጎጃሙን ዳርቻ ብቻ፣ ማለትም ከባሕር ዳር በዘጌና በግልገል አባይ አፍ በኩል እስከ ኩንዝላ ሄጄ በዚያው ልመለስ ወስኛለሁ። መነሻዬንም ከኅዳር 20 ወደ ጥር አጋማሽ አዛውሬዋለሁ፤ የወባው ወቅት ያልፋል፤ ጾሙም ይፈታል። ከደቅ ወደ ጎርጎራ የማቋረጡን ነገር ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። በሐይቁ መሐል የስልክ ኔትወርክ አስተማማኝ እንዳልሆነ በልምምዴ አይቻለሁ፤ ጉዞዬን ለማን፣ እንዴት ልንገር?


የዳንግላው (ቫንኩቨር)

ለልምምድ ያዋሉት ሦስት ሳምንት ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል። የጎማው ቀለበትም እኔ ከምጠቀምበት ይሻላል፤ እሞክረዋለሁ።

ለጥያቄዎ፦ የሳተላይት መገናኛ መሣሪያ ያለ ፈቃድ አገር ቤት ማስገባት ያስጠይቃልና አይቸኩሉበት። የሚሻለው ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የጀልባዋ ቀለምና ርዝመት፣ የጃኬትዎ ቀለም፣ በየቀኑ የሚነሡበትና የሚያድሩበት ቦታ፣ ሁለተኛው አማራጭ መውረጃ፣ የሚደውሉበትም ሰዓት ይጻፍ። ዋናው ግን የመጨረሻው መስመር ነው፤ እስከ ስንት ሰዓት ድምፅዎ ካልተሰማ፣ ማን ለማን ደውሎ፣ ማን በጀልባ እንደሚወጣ በስም ይቀመጥ፤ የነዳጁንም ገንዘብ አስቀድመው ለሚወጣው ሰው ይስጡ። ቤተሰብ ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚባክነው ሰዓት «ትንሽ እንጠብቀው» የሚባለው ነው፤ ሰዓቱ አስቀድሞ ከተጻፈ ግን ማንም አያመነታም። እርስዎም በበኩልዎ ከደረሱ በኋላ ሳይደውሉ እንዳይተኙ፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ መውጣት ቢያስፈልግም ይውጡ።


ዘጌ ወደብ

ጥሩ ወስነዋል። ኩንዝላ ድረስ ያለው መንገድ ለብቻው የሚበቃ ጉዞ ነው፤ ጥርም ለዚያ መልካም ነው፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ግን ወፍራም ጋቢ በደረቅ ከረጢት ይያዙ።

ፈላጊ ጀልባውን በተመለከተ እኔ አለሁ። እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ድምፅዎን ካልሰማሁ እወጣለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ብርሃኑ አይበቃኝም። ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አድርገው ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ላይ ያምጡልኝ፤ አንዱን ጀልባዬ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ ሁለተኛውን ኩንዝላ ለሚኖረው ለእህቴ ባል በሚቀጥለው ጭነት እልከዋለሁ። እርሱ መውረጃውን ያሳይዎታል፤ ጀልባዋንም ግቢው ያሳድርልዎታል።